«የኋላ በር» አይሁን አለ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ አንዴ ጀምሮ አላባራ አለ። የጓሮው አጥር ወደቀ። ቀጥሎ የባለቤቴ ወንድም የሚኖርበት ቤት ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ ያለውን ዕቃ በሁለት ሻንጣ አድርጎ እኛ ዘንድ መጣ። ባለቤቴ ከሞተች ገና ዓመቷ ነበር። ጉልበቴ በእርጥበቱ ተይዞ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ልጄ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ተዘጋ። ጣሪያው ከሁለት ቦታ ያፈሳል። ሦስታችን ባልዲ እየቀያየርን፣ ብዙ ሳንነጋገር ከረምን።

እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ረዳቴ ነበር። የኋላውን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መንገደኛ ይጠራል፣ ሽማግሌ ደግፎ ያወርዳል። አንዴ ካፏጨ ቁም ማለት ነው፤ ሁለቴ ካፏጨ በሩ ተዘግቷል፣ ሂድ ማለት ነው። እህቱን ያገኘሁትም በእሱ በኩል ነው። ጡረታ ከወጣንም በኋላ እሱ «ሾፌር» ይለኛል፣ እኔ «ረዳት» እለዋለሁ።

ከእሱ ጋር የቆየ ዕዳ ነበረብኝ። የገንዘብ አይደለም።

ወጣት ሳለን አንድ ጠዋት መናኸሪያ ላይ ጎንበስ ብዬ ጎማ ስመለከት፣ እሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ለመንገደኛው እንዲህ አለ፦ «ሾፌራችን ጥሩ ሰው ነው፤ ጆሮው ግን ሄዷል። ስለሚያፍር እንዳትነግሩት። ብቻ ስታናግሩት ጮክ በሉ።» እኔ ምን አውቄ፤ መሪዬን ይዤ ተነሳሁ። አንዲት እናት ጆሮዬ ሥር መጥተው «ልጄ! በሰላም! ያድርሰን!» ብለው ሲጮኹ ማርሹን ሳትኩት። አንዱ «ወራጅ!» ሲል ቤቱ የተቃጠለበት ይመስላል። እኔም ሳላስበው መልሼ መጮኽ ጀመርኩ። መጨረሻው ጣቢያ ስንደርስ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

«ሰዎቹ ምን ሆነው ነው የሚጮኹብኝ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ይወዱህ ይሆናል» አለኝ፣ ፊቱን ሳይቀይር።

በማግስቱ የመናኸሪያው ዘበኛ ነገረኝ። ከእኔ በፊት አገሩ ሁሉ ሰምቶ ስቆ ጨርሷል።

«ይቆይህ» አልኩት ረዳትን።

«እጠብቃለሁ» አለ።

ጠበቀ። ሠርጌ ዕለት ጠጋ ብሎ «ዕዳዬስ፣ ሾፌር?» አለኝ። ልጄ የተወለደች ቀንም ጠየቀኝ። ባለቤቴን የቀበርን ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ስንቀር፣ «ዕዳዬን አልረሳህም አይደል?» አለ። በዚያ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ልጄ ሥራ ፈትታ ብዙ አልቆየችም። ሌላ አገኘች፤ ያውም ከቤት ሳትወጣ። ሥራው ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ለመንገደኛ የሚናገር ፕሮግራም አለ። የሠሩት በየአገሩ የተበተኑ የእኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በነፃ ነው የሚሠሩት። ፕሮግራሙ ውስጡ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያስተካክለዋል። ትናንሽ የአውቶቡስ ድርጅቶች ሳይከፍሉ ይወስዱታል። ፕሮግራሙን ለሰው የሚያሳይ ድረ ገጽ አለው፤ እሱ አርጅቶ አዲስ እየተሠራ ነበር። አንዱ ሥዕል ይልካል፣ ሌላው ጽሑፍ ያርማል፣ ሌላው መጥቶ የታረመውን ያፈርሳል። ልጄ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ተቀብላ ታስማማለች፣ አንድ ታደርጋለች።

«ተራ አስከባሪ ሆንሽ በይኛ» አልኳት ምሳ ላይ።

«እሱን በለው፣ አባዬ። ችግሩ አውቶቡሶቹ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ።»

«ሲጣሉስ ማን ይዳኛል?»

«ደንብ አለ። አንድ ለውጥ የሚገባው፣ ከሠራው ሰው ሌላ ሁለት ሰዎች ‹ይሁን› ሲሉ ነው። አንድ ሰው ‹አይሁን› ካለ ግን፣ እሱ ቃሉን እስኪያነሳ ይቆማል።»

«ማንም ሰው ‹አይሁን› ማለት ይችላል?» አለ ረዳት፣ ሻዩን እያማሰለ።

«ማንም፣ አጎቴ። ስም አውጥቶ መመዝገብ ብቻ ነው።»

«የገዛ ስሙን?»

«የፈለገውን።»

ረዳት ማማሰሉን ተወ። አየሁት፤ ግን ስኳር ያነሰው መስሎኝ ዕቃውን ገፋሁለት።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ደህና ሄደ። ሥዕሉንና መልኩን የሚሠራው ሰው ጺማም ስለሆነ ልጄ «ጺሙ» ትለዋለች። ጽሑፉን የምታርመው ደግሞ አንዲት ሴት ናት፤ አራት ነጥብ ጎድሎ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ «የነጥብ እመቤት» ይሏታል። ጺሙ የመጀመሪያውን ገጽ ሠራ። ትልቅ የአውቶቡስ ሥዕል አለበት። የነጥብ እመቤት ጽሑፉን አርማ «ይሁን» አለች። አንድ «ይሁን» ብቻ ቀረ።

ያኔ «የኋላ በር» የሚባል ሰው መጣ።

«አይሁን» አለ። ሥዕሉ ጨለማ ነው አለ። ጺሙ አበራው። አሁን ደግሞ ዓይን ይወጋል አለ። ጺሙ መለሰው። ፊደሉ አንሷል አለ። አተለቁት። ገጹ ተጨናነቀ አለ። የነጥብ እመቤት ጽሑፉን አሳጠረች፤ ጺሙ ማን አሳጥሪ አለሽ ብሎ መለሰው፤ እሷም የመለሰውን መልሳ አፈረሰች። ሁለቱ ኩርፊያ ተያያዙ። ሌላው ሁሉ ነገር ሲሸተው እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ስታስታርቅ ትውላለች።

«የኋላ በር! ወይኔ ሰውዬው!» ትላለች ከክፍሏ። «ምን በድዬው ይሆን?»

አንድ ከሰዓት ማድ ቤት ገብቼ ሳያት፣ ያልተጣደ ማንቆርቆሪያ ላይ አፍጥጣ ቆማለች።

«ምነው?» አልኩ።

«ደመወዜን የሚከፍለው ድርጅት ጽፎልኛል፣ አባዬ። አዲሱ ገጽ ክረምቱ ሳይወጣ ካልተከፈተ፣ ማስተባበሩን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብለዋል።»

ቤታችን የቆመው በእሷ ሥራ ነው። የሚያፈሰውም ጣሪያ የሚጠብቀው እሷን ነው።

«ለአጎቴ እንዳትነግረው» አለች። «ሸክም ሆንኩባችሁ ብሎ በዚህ ዝናብ ሻንጣውን ያነሳል። ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ምሳ ላይ የኋላ በር የጻፈውን ስታነብልን ሰማሁ። «‹ገጹ ገና አልሞላም። ሳይሞላ አይነሳም።› እስቲ ይሄ ምን ማለት ነው?»

ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። «ሳይሞላ አይነሳም» የሚለውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ ስሰማው ኖሬአለሁ። መንገደኛ «እንሂድ እንጂ!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ይህንኑ ነው የሚመልሰው። ቀና ብዬ ረዳትን አየሁት። ሳህኑን አጎንብሶ እየበላ ነው። በጣም አጎንብሷል።

ሾፌር ዓይኑ መስታወት ላይ ነው። ኮሪደራችን ላይ ባለቤቴ የሰቀለችው ረጅም መስታወት አለ። ወንበሬን አምጥቼ ትይዩው ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴን አሳርፋለሁ ብዬ። ከዚያ ሆኜ በግራ የልጄ በር፣ በቀኝ የረዳት በር ይታየኛል። ረዳት አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ልጄ ኳስ እንዲያይበት የሰጠችውን አሮጌ ኮምፒውተር ጭኑ ላይ አድርጓል። በአንድ ጣት ይለቅማል። ለቀመ፣ ለቀመ፣ ጣቱን ከፍ አድርጎ አንዴ ተጫነ። ጥቂት ቆይቶ ከግራ በኩል፦

«ኧረ የኋላ በር! ኧረ ግደለኝ!»

ረዳት አፉን በመዳፉ ያዘ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ምን ላድርግ? ለልጄ ብነግራት ትቆጣዋለች፤ እሱም አፍሮ ይሄዳል። ሥራዋ አደጋ ላይ መሆኑን ለእሱ ብነግረውም ይሄዳል። ዝም ብል ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ዕዳዬ ትዝ አለኝ። ልቤ እንደ ልጅ ልብ መታ።

ወደ ልጄ ገባሁ። «የተጣሉ ሰዎች አይገናኙም?» አልኳት።

«የድምፅ ስብሰባ አለ። የኋላ በር ግን አይመጣም። ኢንተርኔቴ ደካማ ነው ይላል።»

የሚጠቀመው የእኛውን ኢንተርኔት ነው። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ።

«ቀን ቁረጪለትና፣ ያልመጣ ሰው ‹አይሁን› ያለው ይነሳል በይ።»

አሰበች። «ቀድሜ ካሳወቅኩ ደንቡ ይፈቅድልኛል» አለች። «ግን ከመጣስ?»

«ከመጣማ ትሰሚዋለሽ። ለእኔም ስም አውጪልኝ።»

«ለአንተ? ደግሞ አንተም ‹አይሁን› ልትል ነው?»

«ሰላምታ ነው የምለው። ‹መስታወት› በይኝ።»

ሳቀችና መዘገበችኝ። ስልኬ ላይ ከፈተችልኝ። አጻጻፌ ዘገምተኛ ነው፤ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ለጺሙና ለነጥብ እመቤት ለየብቻቸው ጻፍኩ፦ «የኋላ በርን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው፤ ጆሮው ግን ሄዷል። ስለሚያፍር እንዳትነግሩት። ብቻ ስታናግሩት ጮክ በሉ» አንድም ቃል አልጨመርኩ።

ጺሙ ወዲያው መለሰ። «ምስኪን! ለካ ለዚህ ነው ስብሰባ የሚሸሸው! እኔ ክፉ ሰው አድርጌው።»

የነጥብ እመቤትም መለሰች። «እጮኻለሁ። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ረስተዋል።»

የስብሰባው ቀን ጠዋት ረዳት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆለፈ። ውኃ አይፈስም። ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ የኋላ በር ነኝ» ይላል፣ ከበርሜል ውስጥ በሚመስል ወፍራም ድምፅ። ቆይቶ ደግሞ በቀጭኑ፣ እንደ ሙሽራ፦ «ጤና ይስጥልኝ...»

አንኳኳሁ። «ማን አለ?»

«እኔ ነኝ» አለ በቀጭኑ። ከዚያ ባነነና በራሱ ድምፅ «እኔ ነኝ! ምን ፈለግህ? ሰው አይታጠብም?»

«ታጠብ፣ ታጠብ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራት እንደ ዕድል አልጠፋም። ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ረዳት በሩን ገርበብ አድርጎ፣ አፉን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ተዘጋጅቷል። ልጄ በበኩሏ ወረቀቷን አስተካክላ ጀመረች።

«ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። የኋላ በርም ስለተገኘህ እናመሰግናለን። ጺሙ፣ አንተ ጀምር።»

ጺሙ ጀመረ። ምን እንዳለ እኔ አልሰማሁም፤ ረዳት ግን ሰማ። ከአልጋው ላይ አንድ ክንድ ያህል ዘለለ። ማዳመጫውን ሊያወልቅ ሲታገል ገመዱ ከኮምፒውተሩ ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

«የኋላ! በር! ጤና! ይስጥልኝ!»

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ረዳት በፎጣው ውስጥ፣ በወፍራሙ።

«አልሰማህም! ጨምር!» አለች የነጥብ እመቤት ለጺሙ።

«ኧረ ሰማሁ!»

«ይሰማሃል?!»

«ሰማሁ አልኩ እኮ!» ፎጣው ወደቀ። ወፍራሙ ድምፅም አብሮት ወደቀ።

ልጄ የገዛ ኮምፒውተሯን ድምፅ ስትቀንስ በመስታወቱ አየኋት። ቀነሰች፤ ጩኸቱ አልቀነሰም። ጨርሳ አጠፋችው፤ ጩኸቱ አለ። ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች። ከዚያ ገመድ አልባውን ማይክ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀስ ብላ ተነሳች። በአጠገቤ ስታልፍ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔ ጉልበቴን አሸት አሸት አደረግኩ።

«አይዞህ!» ይላል ጺሙ። «አትፈር! አንዴ! ብቻ! ንገረን! የመጀመሪያው! ገጽ! ላይ! ምን! ጎደለ?!»

ረዳት ቆመ። በመስታወት ፊቱ ታየኝ። ሳቁ ጠፍቷል።

«ረዳቱ» አለ።

«ምን?!»

«ረዳቱ! አውቶቡሱን ስለሃል! ሾፌር አለው! መንገደኛ አለው! የኋላው በር ላይ ግን ሰው የለም! በሩን ማን ነው የሚዘጋው? ሽማግሌውን ማን ነው የሚደግፈው? ሂድ የሚለውስ ማን ነው? ነፋስ ነው?»

ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ...» አለ ጺሙ በለሆሳስ። ከዚያ የረሳውን አስታወሰና፦ «ይህን! ቀድመህ! ብትነግረኝ! ኖሮ! ያኔውኑ! እስለው! ነበር! አሁን! እስለዋለሁ! ከሳልኩት! ይሁን! ትላለህ?!»

«ይሁን!»

«ምን አልክ?!» አለች የነጥብ እመቤት።

«ይሁን! ይሁን አልኩ! ጆሮዬን አደነቆራችሁት! ይሁን!»

«ሁለተኛው ‹ይሁን› ተመዝግቧል» አለች ልጄ። በሩ ላይ ቆማ ተናገረች፤ ያው ቃሏ ጥቂት ዘግይቶ ከረዳት ኮምፒውተር ወጣ።

ረዳት ዞረ። ፎጣው እግሩ ሥር ነው።

«አጎቴ።»

«አቤት።»

«የኋላ በር አንተ ነህ?»

«ነበርኩ» አለ ረዳት።

ልጄ ስብሰባውን ዘጋች። ከዚያ ድርጅቱ የጻፈላትን ነገረችው። ረዳት ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ረዳት ይሳል ብለህ ለምን አልነገርከኝም? ከግድግዳው ወዲያ ነኝ እኮ!»

«አፈርኩ» አለ። «ሥዕል ላይ አውጡኝ ብዬ የለመንኩ መሰለኝ። እንደ ቀልድ አንድ ነገር ጻፍኩ፤ መለሱልኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግመው መለሱልኝ። ሰደቡኝ፣ ግን መለሱልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንተ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።» ዓይኑ ሻንጣዎቹ ላይ ሄደ። «እንጀራሽ መሆኑን መች አወቅኩ።»

«ሻንጣውን አትየው» አለች። «የትም አትሄድም። ቅጣትህ እዚህ ተቀምጠህ የሌላውን ሰው ለውጥ ማንበብ ነው። ‹ይሁን› የሚል ሰው ይቸግረኛል።»

«‹አይሁን› የሚልስ?»

«እሱ ሞልቷል።»

ረዳት ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። እኔ ባልዲ ልቀይር ተነሳሁ።

እራት ላይ ረዳት አሁንም ይገርመዋል። «ጥሩ ሰዎች ናቸው» ይላል። «ጥሩ ሰዎች። ግን ምን ሆነው ነው እንዲያ የሚጮኹት?»

«እኔንም ገርሞኛል» አለች ልጄ። «ከእኔ ጋር ሲያወሩ እንዲያ አይደሉም።»

እኔ ሾርባዬን ጠጣሁ።

ሥዕሉ በማግስቱ መጣ። ልጄ ኮምፒውተሯን ገበታው ላይ አምጥታ ከፈተችው። ያው አውቶቡስ ነው። የኋላው በር ላይ ግን አንድ ሰው ቆሟል። ቀጠን ያለ፣ ኮፍያውን ገፋ ያደረገ። በአንድ እጁ ብረቱን ይዟል። ሌላውን እጁን ደግሞ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እንደሚሰማ ሰው አዘንብሏል። ከሥሩ ጺሙ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ለኋላ በር፣ በአክብሮት። ያለ ምንም ኀፍረት እንዲታይ አድርጌ ነው የሳልኩት።»

«ያምራል!» አለች ልጄ። «ደንቡ ነውና እንደገና ‹ይሁን› በል፣ አጎቴ።»

«ይሁን» አለ ረዳት። ዓይኑን ከሥዕሉ አልነቀለም።

ተጫነችው። ገጹ ተከፈተ። ውጭ ገና ይዘንባል፤ ክረምቱ አልወጣም። ልጄ ወንበሯ ላይ ወደኋላ ተለጥጣ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ከዚያ ወደ ሥዕሉ መለስ ብላ፦

«ግን ለምን እጁን ጆሮው ላይ አደረገው? ደግሞ ‹ያለ ኀፍረት› ሲል ምን ማለቱ ነው?»

ረዳት የተሳለውን ሰው እጅ አየ። ጆሮውን አየ። ከንፈሩ ብቻውን ተንቀሳቀሰ፤ ድሮ መናኸሪያ ላይ ለመንገደኛው የተናገረውን በልቡ እየደገመው እንደሆነ አወቅኩ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

«ሾፌር።»

«አቤት።»

«ሰዎቹ ምን ሆነው ነው የሚጮኹብኝ?»

ሻዬን አስቀመጥኩ። ለዚህ ቃል ፀጉሬ እስኪሸብት ጠብቄአለሁ፤ አልቸኮልኩም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። «ይወዱህ ይሆናል።»

ልጄ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ረዳት ረጅም ጊዜ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ሁለቴ አፏጨ።